ሳይጮኽ የሚጠራ ወፍጮ

የናፍታን መወደድ የነገረችኝ እንቁላል ሻጯ ናት። ሬዲዮ አልሰማሁም፣ ማደያም አልሄድኩም። ጠዋት ሱቄ በር ላይ ቆሜ እንቁላል ስጠይቃት ዋጋውን ከትናንቱ ከፍ አድርጋ ነገረችኝ።

«ምን ተገኘ?» አልኳት።

«ጃዝ ጨመረ» አለች። ሱዳኖቹ ናፍታን ጃዝ ነው የሚሉት።

«ዶሮዎችሽ ጃዝ መጠጣት ጀመሩ?»

«እነሱ አይጠጡም። ማሽላቸውን የሚያመጣው ትራክተር ግን ይጠጣል።»

እኔም ነጋዴ ነኝ፤ ዋጋ ስጨምር ምክንያቱን ከሩቅ አገር ማምጣት እወዳለሁ። የእሷ ምክንያት ግን ቅርብና እውነት ነበረ። እንቁላሉን ገዛሁ።

በዚያው ሳምንት ነገሩ ከቤት ቤት እንደ ጉንፋን ዞረ። ሳሙና ጨመረ፣ ጨው ጨመረ፣ በርሜል ውኃ ጨመረ። ዳቦ ጋጋሪው ጨዋ ሰው ስለሆነ ዋጋ አልጨመረም፤ ዳቦውን አሳነሰው። ጫማ ሰፊው ጋ የተበጠሰ ሰንደሌን ይዤ ብሄድ እሱም ጨምሯል።

«አንተ ደግሞ በምን ምክንያት?» አልኩት። «መርፌህ በእጅ ነው የሚሄደው።»

«ክሩ ከገዳሪፍ ከተማ ነው የሚመጣው።»

«ክሩን በመኪና ሙሉ ነው የምታስመጣው?»

ሰንደሉን አገላብጦ እያየ ትንሽ አሰበና፣ «እኔም እንቁላል እበላለሁ» አለኝ።

ስለ ናፍታ ብዙ የተማሩ ሰዎች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ከዚህ ጫማ ሰፊ አሳጥሮ የነገረኝ ግን የለም። ናፍታ የማይገዛ ሰው ናፍታ የገዛ ሰው የሸጠለትን ይበላል፤ ከዚያ እሱም የሚሸጠውን ያስወድዳል። ሁሉም ጣቱን ወደ ማደያው ይቀስራል። አንዳንዱ እውነቱን ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ አጋጣሚውን ነው የሚቆነጥረው። ሁለቱን ለመለየት ነጋዴ መሆን ይጠይቃል፤ ነጋዴ ሆኖም ራስን ከየትኛው ወገን እንደሚመድቡ ማወቅ ከባድ ነው።

የእኔ ነገር ግን የቁንጠራ አልነበረም። ወፍጮ ነበረኝ።

የተወለድኩት ከመተማ ወዲያ ባለው ቆላ ነው። ወደዚህ፣ ወደ ሱዳን፣ መጀመሪያ የመጣሁት እንደ ማንኛውም ያገሬ ሰው ማጭድ ይዤ ለሰሊጥ አጨዳ ነው። ወገቤ ጎንበስ ማለቱን ሲጠላው፣ ጎንበስ ላሉት መሸጥ ጀመርኩ፤ መጀመሪያ ክብሪትና ጨው፣ ቀጥሎ ባትሪና የፕላስቲክ ጫማ፣ ኋላ ሱቅ። አሁን የምኖረው ከቁረይሻ እርሻዎች ጫፍ ባለች መንደር ነው። በአንድ ወገን የሱዳን ቤተሰቦች አሉ። በሌላው ወገን በመኸር ከጎንደር ቆላ የሚመጡ ሠራተኞች የሚያድሩባቸው የሣር ዳሶች አሉ። ከስደተኛ ካምፑ ወጥተው ሥራ የሚፈልጉ የትግራይ ሰዎችም መሀላችን ገብተው ይኖራሉ። ሁሉም ማሽላ ይበላል። ሱዳኖቹ አሲዳ ይሉታል፣ እኛ ገንፎ እንለዋለን፤ ሁለታችንም ዱቄት ያስፈልገናል።

ወፍጮ ቤቱ ከሱቄ ጀርባ ነው። ቤቱና የወፍጮው ድንጋይ የእኔ፣ ሞተሩ ደግሞ የአንድ ሽማግሌ ሐጅ ነው። ሐጁ ከብት አላቸው፣ መሬት አላቸው፣ ትዕግሥትም ነበራቸው። ከሚገኘው እኩል እንካፈላለን። ድንጋይ ያለ ሞተር ምን እንደሚሆን ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም፤ መቀመጫ ነው የሚሆነው።

ሞተሩን የሚያስነሳው ሰው ከተከዜ ማዶ የመጣ ነው፤ በወድ ኤል ሒለው በኩል ወንዙን የተሻገረ፣ ጢሙ የሸበተ ጎልማሳ። በትግርኛ ‹ሓፍተይ›፣ እህቴ፣ ይለኛል። እኔ ወንድሜ እለዋለሁ። አማርኛው ጥሩ ነው፤ ሲናደድ ብቻ ነው የሚጠፋበት።

የእኛ አገር ወፍጮ እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቅ ልንገር። ወፍጮ ይጮኻል። ጠዋት ሞተሩ ይነሣል፣ የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ የተገጠመችው ቆርቆሮ እየተከፈተች እየተዘጋች «ኩክ፣ ኩክ» ትላለች፣ ድምፁም ከእርሻ ማዶ ይሰማል። ያን የሰማች ሴት እህሏን ታነሣለች። የየወፍጮው ድምፅ የተለያየ ስለሆነ ሴቶቹ የማን ወፍጮ እንደተነሣ ቤታቸው ቁጭ ብለው ያውቃሉ። ስለዚህ ሞተሩ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ሰው ቀጥሎ ይመጣል። አያቶቻችን ወፍጮ ቤት ሲሄዱም እንደዚሁ ነበር፤ እኔም ሱዳን ስገባ ይህንኑ ይዤ ነው የገባሁት። ናፍታ ርካሽ በነበረበት ጊዜ ይህን ማንም እንደ ወጪ አላየውም።

ናፍታ ሲጨምር እኔ ሁሉም ያደረገውን አደረግኩ፤ የማስፈጫውን ዋጋ ጨመርኩ። ሰዉ አላጉረመረመም። የሚያስፈራውም ይኸው ነው፤ የሚያጉረመርም ደንበኛ ይመለሳል። እነዚህ ዝም ብለው መቀነስ ጀመሩ። ጆንያ ታመጣ የነበረችው ግማሽ አመጣች፣ ግማሽ ታመጣ የነበረችው በጣሳ። ከዚያ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ባትሪ ሊገዛ ሱቅ መጣ። ካቦው ሰፊ ትከሻ ያለው የጎንደር ሰው ነው፤ ሲያወራ ለሰውም ለራሱም አያዝንም።

«ሠራተኞችህ ዱቄት አልጨረሱም እንዴ?» አልኩት።

«ንፍሮ ለምደዋል፣ እትዬ።»

«ጠዋትም ማታም ንፍሮ?»

«ጠዋት ንፍሮ። ማታ ደግሞ የጠዋቱ ንፍሮ።»

«በንፍሮ ሰሊጥ ይታጨዳል?»

«ይታጨዳል። ቀስ ተብሎ።»

እሱ ቀልዶ ሄደ፤ እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ቀስ ተብሎ የሚታጨድ ሰሊጥ ፍሬው ይራገፋል። የተራገፈ ሰሊጥ የባለ እርሻውን ኪስ ይነካል፣ የባለ እርሻው ኪስ የሠራተኛውን ደሞዝ፣ የሠራተኛው ደሞዝ የእኔን ሱቅ። ይህ ሁሉ የማስፈጫ ዋጋ ስለጨመርኩ ነው ማለቴ አይደለም፤ የክሩ አንድ ጫፍ ግን በእኔ እጅ ነበር። በሱዳኖቹ በኩል ደግሞ አንዲት ሴት ከጓሮ የአያቷን የእጅ ወፍጮ ድንጋይ ቆፍራ አወጣች ተባለ፤ ጎረቤቶቿም ተራ ይዘዋል።

እህሉ ሲያንስ ሞተሩ የበለጠ ሥራ ፈታ። ሥራ ሲፈታ ግን መጠጣቱን አላቆመም። አንድ ጠዋት በርጩማ ከናፍታው ጀሪካን አጠገብ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ሞተሩ ተነሣ፣ ጮኸ። የመጀመሪያዋ ሴት እስክትመጣ ናፍታው ወረደ። አንድ ጣሳ ተፈጨላት፣ ሄደች። ሞተሩ እየጮኸ ሌላ ጠበቀ፣ ናፍታው ወረደ። እስከ ቀትር ተቀምጬ የገባኝ ነገር፣ ናፍታዬን አብዛኛውን የሚበላው እህሉ ሳይሆን ጥሪው ነበር። እኔ ወፍጮ ቤት የያዝኩ መስሎኝ ለካ ውድ ደወል ነው የገዛሁት።

ሐጁ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ ስለ ጤና፣ ስለ ቤት፣ ስለ ዝናብ ጠየቁኝ። ሻይ ቀረበ። ሻዩ ሲያልቅ ጉዳያቸውን አወጡ።

«መፋዛ አንድ ሰው አለ» አሉኝ። «ራሀድ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ያለማል። የውኃ መሳቢያ ሞተሩ ተቃጥሎበታል። የእኔን ጠይቆኛል።»

«የሽንኩርቱ ሰውዬስ ሞተሩን የሚያጠጣው ያው ጃዝ አይደለም?»

«ያው ነው። ግን ከሩቅ የሚመጣው ሽንኩርት በመኪናው ዋጋ ምክንያት መምጣት ተወ። በቅርብ ያለው ሽንኩርት ወርቅ ሆነ። እሱን ጃዝ አበለጸገው፤ እኛን አደኸየን።» እንደ ተናደደ ሰው አልተናገሩም። «ልጄ፣ ሞተሬ እዚህ ራሱን እየበላ ነው። ማሽላው ከእርሻ ተነሥቶ እስኪያልቅ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ በኋላ እንደዚሁ ከሆነ ለሰውዬው እሰጠዋለሁ።»

«ትክክል ነዎት» አልኳቸው። ትክክል ነበሩና። «ማሽላው እስኪነሣ ግን ሞተሩ ከእኔ ጋር ነው።»

«ከአንቺ ጋር ነው።»

ሲወጡ በሞተሩ በኩል አልፈው እንደ ከብት ጎኑን መታ መታ አደረጉት። ያን ነገር አልወደድኩትም። ሰው ከብቱን እንደዚያ የሚያደርገው ሊሸጥ ሲል ነው።

በማግስቱ ለሞተር አስነሺው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሞተሩ እህል ሳይሞላ አይነሣም» አልኩት። «በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰኞና ሐሙስ፣ እንሠራለን። ጆንያው ተሰልፎ ሲያልቅ ታስነሣለህ፣ ባንድ ትንፋሽ ትፈጫለህ፣ ታጠፋለህ።»

«ሓፍተይ፣ ሞተሩ ሳይጮኽ ማን ይመጣል?»

«እነግራቸዋለሁ።»

ነገርኳቸው። በየደጁ ዞሬ ሰኞና ሐሙስ ብዬ ነገርኳቸው፤ ሁሉም እሺ አለ። ሰኞ ጠዋት ድንጋዩ ተወቅሮ፣ ቺንጋው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ተወጥሮ፣ ቤቱ ተጠርጎ ተቀመጥን። ማንም አልመጣም። ፀሐይ ከፍ አለች፤ ማንም የለም። ሞተር አስነሺው ጢሙን እያሻሸ ወደ እኔ አያይም፤ አውቆ ነው። እኔም ወደ እሱ አላየሁም።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ መጣች። የዱቄት ደንበኛዬ ናት፤ ትልቅ ቤተሰብ፣ ትልቅ ድምፅ፣ ከሁሉም በላይ ትልቅ ጥርጣሬ ያላት ሱዳናዊት። ነጠላ ነገሯን ወደ ትከሻዋ መልሳ እንደ ለቅሶ ደራሽ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አላህ ያጽናሽ፣ ያ ኡኽቲ» አለችኝ። ‹እህቴ› ማለቷ ነው።

«በምን?»

«በሞተሩ። ተሸጠ አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሁሉም ነዋ። እህሌን አበጥሬ ከንጋት ጀምሮ ጆሮዬን አቁሜ ስጠብቅ ዝም አለ። የእነ እንትና ቤትም ጠበቁ፣ ዝም አለ። ጊዜው ሲሄድ በቃ ተሸጠ አልን።»

«ሰኞ ነይ ብዬሽ አልነበረም?»

«ብለሽኛል። መቼ ልምጣ ታዲያ? ሲጮኽ ነዋ።»

እኔ እነሱን ስጠብቅ፣ እነሱ ድምፁን ሲጠብቁ፣ መንደሩ በሙሉ የተበጠረ እህሉን ይዞ ቁጭ ብሎ ዋለ። ሴትዮዋን ቡና አጠጥቼ ሞተሩን በዓይኗ አሳይቼ ሸኘኋት። ነካችው። ያየችውን ለማመን መንካት አለባት።

ለሐሙስ ሌላ ዘዴ አመጣሁ። ከሱቁ ጎን ካለው ኒም ዛፍ ላይ አሮጌ የመኪና ቸርኬ አንጠለጠልኩና በብረት ደበደብኩት። ናፍታ የማይጠጣ ደወል ነው ብዬ በራሴ ተደሰትኩ። ሰው መጣ፤ እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ፈጥኖ ሰው መጥቶልኝ አያውቅም። ሁሉም ግን ወንዶች ነበሩ፣ ሁሉም በትር ይዘዋል፣ አንደኛው ጠመንጃ። ለካ በዚህ ድንበር ላይ ብረት የሚደበደበው ወይ ከብት ሲነዳ ወይ እርሻ ሲቃጠል ነው። ስንት ዓመት ኖሬበት ይህን መርሳቴ ገረመኝ።

«የት ሄዱ?» አለኝ የመጀመሪያው፣ እያለከለከ።

«እነማን?»

«ሌቦቹ።»

«ሌባ የለም። ወፍጮ ነው።»

ሰውዬው በትሩን ተደግፎ ቆመ። «ለዱቄት ነው ያስሮጥሽን?» አለ። ሻይ አፈላሁላቸው፣ ሁሉም ጠጡ፤ ስኳር ከሌላው ጊዜ አብዝተው ጨመሩ። ቸርኬውን በፊታቸው አወረድኩት።

ከዚያ በኋላ ነው እንደ ነጋዴ ማሰብ የጀመርኩት፤ እስከዚያ ድረስ እንደ ደወል ደዋይ ነበር የማስበው። የጭነት መኪና ሹፌር ስታናግር አንድ ነገር ትማራለህ፤ ባዶ መመለስን እንደ ሞት ነው የሚፈራው። ሰሊጥ ጭኖ ከወጣ ጨውም ቢሆን ፈልጎ ጭኖ ይመለሳል። እና በመንደራችን ዕለት ዕለት ሙሉ ወጥቶ ባዶ የሚመለስ ማን ነው ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። መልሱ በበሬ አለፈ። ውኃ ሻጩ ነው።

ውኃ ሻጩ በአህያ ጋሪ በርሜል ጭኖ በየደጁ ይሸጣል። የሚቀዳበት ጉድጓድ ከወፍጮ ቤቴ ጎን ነው። ሲሄድ ሙሉ፣ ሲመለስ ባዶ። አስቆምኩት።

«ስትመለስ ጆንያ ጭነህ ናልኝ፣ የተፈጨውን ደግሞ ከውኃው ጋር መልስ» አልኩት።

«አህያዋ ትደክማለች» አለ።

«ባዶ በርሜል ይዛ ስትመለስ አይቻት የለም? እየዘፈነች ነው የምትመለሰው።»

«መኖዋ ተወዷል፣ ሐበሺያ። ጃዝ ከጨመረ ወዲህ አንድ እስር ሣር—»

«አውቃለሁ። የወፍጮ ቤቱ ጥራጊና ፉርሽካ የአህያህ ነው። ሰኞና ሐሙስ።»

የአህያዋን ጆሮ አሻሸ። «ከሞላ ጎደል» አለ። የዚህን ሰው ‹ከሞላ ጎደል› አውቀዋለሁ፤ እሺ ማለቱ ነው፣ ግን ኋላ የሚጨቃጨቅበት ቦታ ይተዋል።

የቀረው ሴቶቹ ናቸው፤ እሱም ትልቁ ነገር ነበር። በእኛም በእነሱም አገር አንዲት ሴት እህሏን ብቻውን ወፍጮ ቤት አትልክም። አብራው ትሄዳለች፣ ከወፍጮው አፍ ሲገባ ታያለች፣ ዱቄቱ በሚወርድበት ላይ እጇን አስቀምጣ ሙቀቱን ትለካለች፣ ወፍጮ ቤቱ እፍኝ እንዳይሰርቃት ዓይኗን አትነቅልም። ይህን ልማድ ማንም በጉልበት አይሽረውም። ጎረቤቴ ገና ሳልጨርስላት ቆረጠችኝ።

«እህሌን ለአህያ አደራ አልሰጥም።»

«ለአህያዋ አይደለም። ለሰውዬው።»

«ለእሱማ ጭራሽ። አህያዋ ትሻላለች።»

«እሺ፣ ከየሰፈሩ አንዲት ሴት ጋሪው ላይ ተቀምጣ ትምጣ። የሁሉንም ጆንያ ታያለች። እያንዳንዷ ጆንያዋን በራሷ ጨርቅ ትሰር፤ ሳይሳሳት ይመለስላታል።»

«የምትመጣዋን ሴት ማን ያምናታል?»

«አንቺን የማያምን አለ?»

አሰበች። መንደሩ በሙሉ እንደሚፈራት ታውቃለች፤ እንደሚያምናት ግን እርግጠኛ አልነበረችም። ‹የማያምን አለ?› ብዬ ስጠይቃት ሁለቱን ቀላቅዬ እንደ ሸጥኩላት ገብቷታል፤ ፈገግ ስትል አይቻታለሁ።

«እኔ ራሴ እመጣለሁ» አለች። «ግን እወቂው፤ የማላምነው አንቺን ነው።»

«ደግ። ለዚሁ ነው የምፈልግሽ።»

የሚቀጥለው ሰኞ ጋሪው መጣ። በርሜሉ ላይ፣ በጎኑ፣ ከኋላው ጆንያና ከረጢት ተቆልሏል፤ ቀይ ጨርቅ፣ ሰማያዊ ጨርቅ፣ የልጅ ቀሚስ ጫፍ፣ ሁሉም በየቋጠሮው ታስሯል። ከላይ ጎረቤቴ እንደ ሙሽራ ተቀምጣለች። በሁለተኛው ጉዞ የካቦው ሰዎች እህል መጣ። የማስፈጫው ዋጋ ወደ ድሮው እንደሚመለስ ለካቦው ልኬበት ነበር፤ ንፍሮው ሰልችቷቸው ኖሮ ሁለት ጊዜ አላስለመኑኝም። በሦስተኛው የካምፕ ሰዎቹ እህል። ነጩን ማሽላ ለብቻ፣ ቀዩን ለብቻ አሰለፍን፤ ነጩ ቀድሞ እንዲገባ፣ ቀይ ከነጭ በኋላ ቢገባ የሚከፋው የለምና። በርበሬ ያመጣው ካቦው ከሁሉም መጨረሻ ተራ ተሰጠው፤ በዚህ ተቀየመ፣ ተቀይሞም ጠበቀ።

ሞተር አስነሺው ማስነሻውን ይዞ ወደ እኔ አየ። «አሁን» አልኩት።

ጎረቤቴ ከመጀመሪያው ጆንያ እስከ መጨረሻው ዱቄቱ ከሚወርድበት አልተነሣችም። ቅንድቧ ነጭ ሆነ። አንዴ ብቻ አፏን ከፈተች፤ የሌላ ሰው ጆንያ አፉ ሲፈታ ጥቂት ዱቄት መሬት ላይ ስለፈሰሰ ሞተር አስነሺውን ተቆጣችው፣ እሱም በትግርኛ መለሰላት፣ ምን እንዳለ እኔም አልጠየቅኩም። ቀትር ሳይሆን ሞተሩ ጠፋ። ጀሪካኑን አነሣሁት። ከባድ ነበር። ናፍታ ከባድ ሆኖ ሳገኘው እንደዚያ የደስታ ስሜት ይሰማኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሐጁ ግን ደስ አላላቸውም። «ጃዝ ወደ ላይ ሲወጣ አንቺ ዋጋሽን ወደ ታች?» ብለው ላኩብኝ። «መጥተው ይዩ» ብዬ መለስኩ። አልመጡም። የመጡት ማሽላው ከእርሻው ሊነሣ ጥቂት ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ከመፋዛው ሽንኩርት አምራች ጋር።

ሐሙስ የመረጡት አውቀው ይሁን ሳያውቁ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ሽንኩርት አምራቹ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ንግግሩ የተለካ ሰው ነበር። ከሚጮኸው ሞተር አጠገብ ቆሞ አየው፣ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ አየው፣ ዘይቱን በጣቱ ነካ። እኔ ከጆንያዎቹ መሀል ቆሜ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሰው ሲጨነቅ እጁን ሥራ ማስያዝ አለበት፤ ያለዚያ አፉ ይሠራል። ሞተር አስነሺው ግን በእያንዳንዱ ጆንያ መሀል ወደ ሐጁ ያይ ነበር፤ እሱም ከዚህ ወፍጮ በቀር የሚሄድበት አልነበረውም።

የመጨረሻው ጆንያ አልቆ ሞተሩ ጠፋ።

«ሞተሩ ጥሩ ነው፣ ሐጅ» አለ ሽንኩርት አምራቹ። «በተነጋገርንበት እወስደዋለሁ። ከእሱ ላይ የመኪናው ኪራይ ይቀነሳል።»

«የምን መኪና?»

«ከዚህ መፋዛ የሚያደርሰው። ባለ መኪናው የጠየቀኝን ብነግርዎ አያምኑኝም። ጃዝ—»

«ጃዝ አትበለኝ» አሉ ሐጁ። «ከመኸር መጀመሪያ ጀምሮ ሁሉም ሰው ጃዝ ይለኛል። የሞተሬን ግማሽ ዋጋ ለመኪና ከፍዬ ልስጥህ?»

«እኔ ከከፈልኩማ ሽንኩርቱ አያዋጣኝም።»

«ጋሪ አለ» አለ ውኃ ሻጩ ከበሩ ላይ። ማንም አልጠየቀውም። አህያዋ ያን ያህል ርቀት ያን ሞተር መጎተት እንደማትችል እሱም ያውቃል፤ ዋጋ መጥራት ስለሚወድ ብቻ ነው የተናገረው።

ጎረቤቴ ዱቄት የሸፈነውን ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ ሽንኩርት አምራቹ ዞረች። «አንተ ሰውዬ፣ ያን ሽንኩርትህን ሰው በምን ይብላው ብለህ ነው?»

«በአሲዳ» አለ፣ በጨዋ ደንብ።

«አሲዳው ከምን ይሠራል?»

ሐጁ በጆንያዎቹ መሀል መራመድ ጀመሩ። ጨርቆቹን እየነኩ አለፉ፤ የአንዱን ቋጠሮ ለይተው አወቁት፣ የልጃቸው ሚስት ቀሚስ ነበር። ከጀሪካኑ አጠገብ ቆመው በእግራቸው ገፋ አደረጉት። አልተንቀሳቀሰም። ጎንበስ ብለው በእጃቸው አነሡት፣ መልሰው አስቀመጡት።

«ይህ ዛሬ የተቀዳ ነው?»

«ያለፈው ሰኞም ከዚሁ ነው የሠራነው» አልኳቸው።

ለሽንኩርት አምራቹ ምሳ ጋበዙት። በእነሱ ባህል ይህ ‹አይሆንም› ለማለት በጣም ጨዋው መንገድ ነው፤ ሰውዬውም ገብቶት ተቀብሎ በላ። ሞተር አስነሺው ለራሱ ሥራ ፈልጎ ያልላላውን ቺንጋ ማጥበቅ ጀመረ።

ሐጁ ሲሄዱ እኔን ለብቻዬ ጠርተው፣ «እስከ ክረምት ይቆይ» አሉኝ። «ግን ዋጋውን ትንሽ ጨምሪ።»

«አልጨምርም።»

«ለምን?»

«ስጨምር ሞተርዎ ብቻውን ነው የሚጮኸው፣ ሐጅ። ሞክሬ አይቼዋለሁ።»

አልተስማሙም፤ አልከለከሉኝምም። «ክረምት እንነጋገራለን» አሉ። እንነጋገራለን። ክረምት ሲመጣ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ ጋሪው አይሄድም፣ ሠራተኞቹም ወደ አገራቸው ይገባሉ፤ ያኔ ሌላ ነገር ማሰብ አለብኝ። እያሰብኩ ነው። ከካምፑ የሚመጣውን እህል በሁለት ሳምንት አንዴ ማከማቸት ይቻል እንደሆነ አንዳንድ ሰዎችን ጠይቄያለሁ። ድንጋዩ የእኔ ነው፤ መቀመጫ እንዲሆን ደግሞ አልፈቅድም።

ባለፈው ሰኞ እንቁላል ሻጯ ናፍታ እንደገና መጨመሩን ነገረችኝ። ከእንቁላሏ ዋጋ ነው ያወቅኩት። ገዛሁና ወደ ወፍጮ ቤት ዞርኩ። ጋሪው የመጀመሪያውን ጉዞ አራግፏል፣ ሁለተኛውን ሊያመጣ ሄዷል። ሞተር አስነሺው ማስነሻ ብረቱን ሞተሩ ላይ ሰክቶ ሊያዞር ተዘጋጅቶ ቆሟል።

«ይህ ይበቃል፣ ሓፍተይ» አለኝ። «ላስነሣው?»

ከበሩ ላይ ሆኜ መንገዱን አየሁ። አቧራው ከሩቅ ይነሣል፤ ጎረቤቴ በርሜሉ ላይ ሆና ውኃ ሻጩን ስትቆጣው ድምፅዋ ከአህያዋ ቀድሞ ደርሷል።

«አታስነሣ» አልኩት። «ገና አልሞላም።»